የአክስቴ ስም ለልጄ

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ ስጠጣ፣ ታክሲ ስሳፈር፣ በሰፈራችን ጉሊት በኩል ሳልፍ፣ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ስሟን ማን አላችኋት?» ልጃችን ከተወለደች ዛሬ 63 ቀን ሆኗታል። እኔ «እሙዬ»፣ ባለቤቴ «እናቴ»፣ ጎረቤቶቻችን ደግሞ «የመምህሩ ልጅ» እያልን እስካሁን አለን። ለጠያቂው ሁሉ «ገና ነው» ብዬ አልፋለሁ። ነገሩ ግን ስም ጠፍቶ አይደለም። ስምማ በተወለደች በሦስተኛው ቀን መጥቶልናል፤ ያመጡትም አባቴ ናቸው። ከአገር ቤት ስልክ ደውለው የአራሷን ደኅንነት ከጠየቁ በኋላ፣ «እንግዲህ የእኅቴን ስም ስጡልኝ» አሉ።

እኅታቸው ማለት አክስቴ ናት፤ በ2015 ዓ.ም. በኅዳር ወር ዐርፋለች። ስሟን እዚህ ላይ አልጽፈውም። በሕይወቷ ሳለች ስሟ በመጽሔት ወጥቶ አያውቅምና፣ አሁን ላስፈቅዳት በማልችልበት ጊዜ ላወጣው አልወደድሁም። አንባቢ ነገሩን ይከታተል ዘንድ፣ «ካሳ» ከሚለው ቃል ከሚወጡት የሴት ስሞች አንዱ ነው ብል ይበቃል። ይህም ኋላ እንደሚታየው ቀላል ነገር አይደለም።

ወላጆቼ የገጠር ሰዎች ናቸው። ስምንተኛ ክፍል ስጨርስ በአቅራቢያችን ከዚያ በላይ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ስላልነበረ፣ ስንቄን ተሸክሜ ደብረ ብርሃን ወደ አክስቴ ቤት ሄድሁ። እርሷም ከባሏ ተለያይታ፣ ጠላ እየጠመቀች ራሷን ታስተዳድር ነበር፤ ልጅ አልወለደችም። ብቅል ስታሰጣ፣ ጌሾ ስትወቅጥ፣ አሻሮ ስትቆላ፣ አራት ዓመት ሙሉ ከጎኗ ተቀምጬ ደብተሬን አጥንቻለሁ። ሽታው በልብሴ ላይ እየቀረ የክፍል ጓደኞቼ «ጥንስስ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውልኝ ነበር፤ ከወጡልኝ ስሞች ሁሉ ይህኛው አላስከፋኝም። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ሲቀርብ አክስቴ «ልጁ ያጥና» ብላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤቷን ለጠጪ ዘጋች። የሁለት ሳምንት ገበያ መተው ምን ማለት እንደ ሆነ የተረዳሁት፣ አድጌ ደመወዜን በጣቴ መቁጠር ስጀምር ነው። ደመወዝ መቀበል በጀመርሁ በሁለተኛው ወር ዐረፈች። የገዛሁላትን ነጠላ የለበሰችው አንድ እሑድ ብቻ ነው።

ስለዚህ አባቴ «ስሟን ስጡልኝ» ሲሉ፣ በልቤ «እሺ» ብዬ ነበር። አባቴ የሆዳቸውን የሚያወጡ ሰው አይደሉም። ነገር ግን አክስቴ ከሞተች ወዲህ ለገበያ ደብረ ብርሃን ሲወጡ በቤቷ በኩል እንደማያልፉ፣ ዙሪያውን ሄደው እንደሚገቡ እናቴ ነግራኛለች። በስልክ የጨመሩትም ቃል ይኸው ነው፤ «ተዝካሯን አውጥቻለሁ። ሐውልት ግን አላቆምሁላትም። ስሟ ይቁምልኝ።»

በእኛ አገር ሰው ሲመዘገብ ሦስት ስም ይጽፋል፤ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን። የዩኒቨርሲቲ ምስክር ወረቀቴን ባወጣሁት ጊዜ፣ ሦስተኛው ስም የወንድ አያቴ ስም ነው። እኒህን አያቴን በዓይኔ አላየኋቸውም፤ ከመወለዴ አስቀድሞ ሞተዋል። አራት ዓመት ያበላችኝና ያስተማረችኝ አክስቴ ግን በዚያ ወረቀት ላይ ቦታ የላትም። ልጄም ስትመዘገብ የእኔ ስም ሁለተኛ፣ የአባቴ ስም ሦስተኛ ሆኖ ይገባል፤ የአያቴ ስም ያን ጊዜ ይወጣል። እንዲህ እያለ አንዱ ወንድ ሲገባ አንዱ ወንድ እየወጣ፣ ስማችን እንደ ዳቦ ቤት ሰልፍ ይሄዳል። አባቴ ማንንም ሳይለምኑ በልጅ ልጃቸው ስም ውስጥ ይኖራሉ። አክስት፣ ሴት አያት ወይም እኅት ግን የምትገባበት በር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የሕፃኗ የራሷ ስም ነው። አሜሪካ በሚኖሩት ወገኖቻችን ዘንድ ሰልፉ እንዲያውም ቆሟል ማለት ይቻላል፤ የአባታቸው ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለሚያዝ፣ እዚያ የተወለዱት ልጆች ብዙዎቹ በአያታቸው ስም ይጠራሉ። አያታቸውም ወንዱ አያት ናቸው።

ነገሩን በሕግ በኩልም ለማየት ሞክሬ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ዳሩ ግን ሕዝቡ በአባቱ ስም መጠራቱን አልተወም። ይኸው ሕግ ሲጻፍ ለልጅ ስም የማውጣትን ሥልጣን ለአባት ሰጠ። ይህን ክፍል ለባለቤቴ ባነበብሁላት ጊዜ፣ «ሕጉን ያወጡት ሰዎች ሲያምጡ አላየሁም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የሕጉን መጽሐፍ ወደ መደርደሪያው መለስሁት።

ባለቤቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ናት። አክስቴን አታውቃትም፤ የተጋባነው አክስቴ ከሞተች በኋላ ነው። ያላት አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ እርሱም ጋን ተደግፋ የተነሣችው። ይሁን እንጂ አባቴ ያሉትን ስነግራት ወዲያው «አይሆንም» አላለችም። ሦስት ቀን ያህል ዝም አለች። በአራተኛው ቀን ማታ ልጅቱን እያጠባች፣ «ካሳ ማለት የበደለ ሰው ለተበደለ የሚከፍለው አይደለም ወይ? ልጄ ማንን በደለች?» አለችኝ።

ይህ ጥያቄ እኔን እንደ አማርኛ አስተማሪ የሚመለከተኝ ሆኖ አገኘሁት። በየማለዳው ስም እጠራለሁ። የተማሪዎቼን መዝገብ ከግራ ወደ ቀኝ ያነበበ ሰው የሦስት ትውልድ ታሪክ ያነባል። በመጀመሪያው ረድፍ ናታን፣ ብሌን፣ ሶልያና፣ ኤልዳና የሚሉ ስሞች አሉ፤ በሁለተኛው ዳንኤል፣ ብርሃኑ፣ አብዮት፤ በሦስተኛው ደግሞ ካሳ፣ ምትኩ፣ ተካ፣ ማስረሻ፣ ደምሴ ይመጣሉ። በሦስተኛው ረድፍ ያሉትን ስሞች ለሰዋስው ትምህርት እጠቀምባቸዋለሁ። «ምትኩ» ሲል የማን ምትክ? «ተካልኝ» ሲል ማን ሄዶ ማን ተተካ? «ካሳሁን» የሚለውን ስንፈታው «ካሳ» እና «ሁን» ይወጣል፤ «ሁን» ትእዛዝ አንቀጽ ነው። ገና ዓይኑን ላልገለጠ ሕፃን የተሰጠ ትእዛዝ! አንዱ ኀዘንተኛ ልጁን «ማስረሻ» ሲለው፣ ሌላው ኀዘንተኛ «ማስታወሻ» ይለዋል። ሁለቱም ስሞች ከአንድ ዓይነት ለቅሶ ቤት የወጡ ናቸው።

ከዚህ የምረዳው፣ አያቶቻችን የሞተባቸውን ሰው ለማሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሟቹን ስም አንሥተው ለሕፃኑ አይሰጡም ነበር። ስለ ሟቹ የሚናገር ሌላ ስም ነው የሚሰጡት። ስሙ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የሚናገረውም ለጎረቤት፣ ለፈጣሪ፣ አንዳንድ ጊዜም ለሞት ራሱ ነው። ሕፃኑ መልእክተኛ ነው እንጂ የመልእክቱ ጉዳይ የእርሱ አይደለም። አክስቴም ራሷ እንዲህ ዓይነት መልእክተኛ ነበረች። አባቴ የበኩር ልጅ ሲሆኑ፣ ከእርሳቸው በኋላ የተወለዱት ሁለት ልጆች በአንድ ወር ውስጥ በኩፍኝ ሞቱ። ከዚያ በኋላ እርሷ ብትወለድ ያ ስም ወጣላት። እንግዲህ የእርሷን ስም ለልጄ ብሰጥ፣ አክስቴን ብቻ ሳይሆን እኔ የማላውቃቸውን ሁለት ሕፃናት ጭምር ማሸከሜ ነው።

ለባለቤቴ ግን ወዲያው አልተረታሁላትም። «ስም እኮ ሲለመድ ትርጉሙ ይደበዝዛል፤ ዛሬ ካሳ ብሎ ሲጠራ ስለ ካሳ የሚያስብ ማን አለ?» አልኋት። «አባባ ያስባሉ» አለችኝ። ይህም እውነት ነው። «ዐፄ ቴዎድሮስም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛም እኮ ከመንገሣቸው በፊት ስማቸው ካሳ ነበር፤ የከበረ ስም ነው» ብላት፣ «ሁለቱም ሲነግሡ ቀየሩት» ብላ አፌን ዘጋችው። ታሪክ የተማርሁት እኔ፣ የምትጠቀምበት እርሷ!

የሌላውንም ሕዝብ ልማድ ለማወቅ ጥቂት አነበብሁ። በግሪኮች ዘንድ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ በአባቱ አባት ስም መጠራቱ የቆየ ልማድ ነው፤ አያትዬው በሕይወት ቢኖሩም ስሙ ይሰጣል። ከአውሮፓ የሆኑት አሽከናዚ የተባሉት አይሁዶች ደግሞ በሕይወት ባለ ዘመድ ስም ልጅ አይሰይሙም፤ በሟች ስም ግን ይሰይማሉ። ሰፋርዲ የሚባሉት አይሁዶች በሕያው ዘመድ ስምም ይሰይማሉ። ያን ያህል ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በትምህርት ቤታችን ሒሳብ የሚያስተምር አንድ እስላም ጓደኛዬ የበኩር ልጁን በሟች አባቱ ስም ጠርቶታል። የልጁ ሙሉ ስም ሲጠራ በአያቱ ስም ተጀምሮ በአያቱ ስም ያልቃል፤ እንደ ቀለበት ዞሮ ይገጥማል። «አይከብድህም ወይ?» ብዬ ብጠይቀው ሣቀ። «ልጄን ስቆጣ አባቴን የተቆጣሁ እየመሰለኝ ልጁ ሳይቀጣ አደገ» አለኝ። እርሱን ደስ ብሎታል፤ እኔም ደስ አለኝ። ነገር ግን የእርሱ አባት ስም የሚያምር የነቢይ ስም ነው፤ ዕዳ የለበትም።

እናቴ በበኩሏ ስሙ የድሮ ነው፣ ልጆች ያሾፉባታል ብላ ፈራች። ይህን ፍርሃት ከቁም ነገር አልቈጠርሁትም። የድሮ ስም ያላቸው ልጃገረዶች በክፍሌ አሉ፤ ከጓደኞቻቸው የሚያንሱበት ነገር የለም።

በመጨረሻ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ስም የሚያወጣ አንድ ሰው ሲሆን የሚጠሩት ብዙዎች ናቸው። አባቴ ስሙን ይፈልጉታል፤ ባለቤቴ ግን በቀን ሃምሳ ጊዜ የማታውቃትን ሴት ስም ስትጠራ ልትውል ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ያልተጠየቀ ሰው ነበረ። አክስቴን የወለዱት አያቴ በሕይወት አሉ፤ ከአባቴ ጋር በአገር ቤት ይኖራሉ። ዕድሜያቸው ሰማንያ አልፏል። ስሙ ቢወጣ የሞተች ልጃቸውን ስም በእልፍኙ ውስጥ የሚሰሙ እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ በማለዳ ተነሥቼ ሄድሁ። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ወዲያ የእግር መንገድ አለ።

አባቴ ከብት ሊያዩ ወጥተው ነበር። አያቴ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ቡና እየቈሉ አገኘኋቸው። የልጅቱን ፎቶግራፍ በስልኬ ላይ አሳየኋቸው፤ ዓይናቸው ስለ ደከመ ወደ ብርሃኑ ይዘው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። አባቴ ያሰቡትንም ነገርኋቸው። ቡናውን ማመሳቸውን አላቆሙም። «ያን ስም ያወጣሁት እኔ እንዳልሆንሁ ታውቃለህ?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። «አያትህ ናቸው ያወጡት። እሳቸው ደስ ብሏቸው ነው። እኔ ግን አንድ ዓመት ሙሉ አልጠራሁትም። እስክትድህ ድረስ ‹እሙ› ነበር የምላት። በጠራሁት ቁጥር ሁለቱ ይመጡብኛል። ኋላ ስትስቅ፣ ስትሮጥ፣ ስሙ የሷ ሆነልኝ። አሁን በስተርጅናዬ ደግሞ ሦስተኛ ልትጨምሩበት ነው?»

ምን እንደምመልስ ጨነቀኝ። እርሳቸው ግን ንግግራቸውን አልጨረሱም ነበር። ቡናውን ከምጣዱ ካወጡ በኋላ፣ «የክርስትና ስሟን ስጧት» አሉ። «እሱን ቄሱ ይጥሩት። በቤት ውስጥ የሚጠራው የለም።»

ይህን ሲሉ የቀብሯ ዕለት ትዝ አለኝ። ካህኑ ለፍትሐቱ «ክርስትና ስሟ ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ እዚያ የተሰበሰበው ዘመድ እርስ በርሱ ተያየ። ጠላዋን ለብዙ ዓመት የጠጡ ሰዎች ነበሩ፤ እኔም ነበርሁ፤ አባቴም ነበሩ፤ የሚያውቅ አልተገኘም። በመጨረሻ ጥግ ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የተቀመጡት አያቴ ቀና ብለው በዝግታ ተናገሩት። «ወለተ» ከሚለው የሚጀምር የተለመደ ስም ነው፤ በገዛ ቤቷ ማንም ሲጠራበት ሰምቼ አላውቅም። በዚያ ስም ተፈትታለች፤ በጸሎት የምትታሰበውም በዚያ ስም ነው።

የክርስትና ስም ብዙዎቻችን የምንረሳው ነገር ነው እንጂ ተራ ነገር አይደለም። ተፈሪ መኰንን በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የነገሡበት ኃይለ ሥላሴ የሚለው ስም የክርስትና ስማቸው ነበር። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስለምትጠመቅ እኛም ገና 17 ቀን አለን። ካህናት የክርስትናን ስም ብዙ ጊዜ ከዕለቱ ወይም ከታቦቱ ጋር አዛምደው ያወጣሉ፤ ስለዚህ አስቀድሜ በሰፈራችን ያለውን ደብር ካህን አነጋገርሁ። ታሪኩን አዳምጠው፣ «ከወላጅ የመጣ ስም ከሆነ ምን ከፋ፤ የክርስትና እናቷ በዕለቱ ታስታውሰኝ» አሉኝ። ለመንግሥት የምናስመዘግበው ስም ደግሞ ሌላ ነው። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ለዚያ ባለቤቴ አንድ ስም መርጣለች፤ አጭር ስም ነው፤ ከእኔም ከእርሷም ዘመድ ወገን ማንም አልተጠራበትም። ስሰማው ደስ አለኝ። አክስቴ በሦስቱ ስሞች ውስጥ አለመግባቷ ግን አሁንም ይከነክነኛል፤ ይህን ለባለቤቴም ነግሬያታለሁ።

አባቴ የአያቴን ቃል ማታ ከከብቶቹ ሲመለሱ ሰሙ። ምሳሌም አልተናገሩ፣ አልተቆጡም። እጃቸውን ታጥበው እራት ቀረቡ። ካበቁ በኋላ፣ «እናቴ ካለች መልካም ነው፤ በወረቀት ላይ ያላችሁትን ጻፉ። እኔ የምጠራትን ግን እኔ አውቃለሁ» አሉ። አያቴ ይህን ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ።

ትናንት ማታ ስልክ ጮኸ፤ ያነሣችው ባለቤቴ ናት። የአባቴ ድምፅ ከፍ ያለ ስለሆነ እኔ ከተቀመጥሁበት ድረስ ይሰማል። ከሰላምታው በኋላ የአክስቴን ስም ጠርተው፣ «እንዴት ዋለች? ጠባች ወይ?» አሉ። ባለቤቴ ወደ እኔ ተመለከተች። ከዚያም «ደኅና ናት፣ አባባ፤ ነቅታለች» አለችና ስልኩን ወደ ልጅቱ ጆሮ አስጠጋችው።